የማትነሳን ማንሳት

ቱሉ ዲምቱ፣ ከአደባባዩ አለፍ ብሎ፣
የደላላው የከፋለ ግቢ፦
በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ጠጠር ፈሶበት፣
አሥራ አንድ መኪና፣ አንድ ውሻ፣ አንድ እኔ።
ሥራዬ ማንሳት ነው።
ቀኝ ጎን፣ ግራ ጎን፣ ፊት፣ ኋላ፣ ዳሽቦርድ፣
ከዚያ በቴሌግራም፦ «ለቁም ነገር ብቻ ይደወል።»

መጀመሪያ ሰሞን ቀትር ላይ ነበር የማነሳው፣
ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፤
ኮፈኑ ነጭ እሳት፣ ጎማው ጥቁር ጉድጓድ፣
በሩ ላይ ደግሞ የራሴው ጥላ፣
እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ መስሎ።
ከፋለ ስልኩን ገልበጥ ቀና አድርጎ አየና፣
«ይኼ ቪትዝ ነው ወይስ የተቀቀለ ድንች?» አለኝ።

ከመሳሳት በቀር መምህር አልነበረኝም።
መንበርከክን ተማርኩ፦
ቁልቁል ሲያዩት መኪናም እንደ ሰው ያንሳል፣
በመብራቱ ልክ፣ ዓይን ለዓይን ቢያዩት ትከሻ ያወጣል።
ራቅ ማለትን ተማርኩ፤
አፍጥጠው ሲጠጉት አፍንጫው ያብጣል።
ቀለም ውሃ መሆኑን ተማርኩ፤ ያገኘውን ይጠጣል፦
የቆርቆሮ አጥር፣ የጎረቤት ልብስ፣ የኔን ቢጫ ኮፍያ፤
አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣
ሰማይ ብቻ ይቀራል።
ደግሞም መጠበቅ።
ፀሐይ ከፉሪ ጋራ ጀርባ ስትገባ
ጥላ የሌለው ብርሃን አሥር ደቂቃ ይቆያል፤
ያኔ የተጨማደደ ቆርቆሮ እንኳ እንደ ሐር ይለሰልሳል።

ባለፈው ረቡዕ ጋሽ አጥናፉ መጡ፣
ላዳቸው በገመድ፣ ከአይሱዙ ኋላ።
ሰማያዊና ነጭ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት።
«ትነሳለች?» አልኩ፣ ሞተሯን ማለቴ ነው።
«በኔ እጅ ከተነሳች ሁለት ክረምት አለፈ፤
የማትነሳን ማንሳት ያንተ ሙያ አይደል?»

አጠብናት። ጎማዋን ቅባት ዳበስናት።
ተንበረከኩ፣ ራቅ አልኩ፣ ጠበቅሁ፣
አነሳኋት።

ማታ ኮምፒውተሬ ላይ፣ የሄደው መብራት ሲመለስ፣
ጥላውን ትንሽ ከፈት፣ ነጩን ትንሽ ረገብ፤
ከጣሪያዋ የበቀለ የሚመስለውን የመብራት ምሰሶ ነቀልኩ፤
የሣሩን አረንጓዴ ዝም አሰኘሁ፣ ሰማያዊዋ እንዲናገር።
እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ።
እጅ ግን ከለመደ አይጠግብም፦
ዝገቷን ጠረግኩ፣
የስፖኪዮዋን ስንጥቅ ደፈንኩ፣
ኋላ በር ላይ ያለውን መዳፍ የሚያህል ስርጉድ
ከጤነኛው ገላዋ ቀድቼ አለበስኩት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በአራት ደቂቃ።

በማግስቱ አሳየኋቸው።
መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ፤
ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት።
«ቆንጆ ናት» አሉ። «የማን ናት?»

«የእርስዎ ናት እንጂ።»

«የኔዋ ስርጉድ አላት፤ እዚህ ጋ።»
ባዶውን በር በጣታቸው ሲነኩት
ፎቶው ተንሸራትቶ አለፈ፣ ቪትዝ መጣ።
«ትርሲት፣ ልጄ፣ በአሥራ አራት ዓመቷ
ቁልፍ ሰርቃ ከግቢው ምሰሶ ጋር ያላተመቻት።
ቀጥቅጬ ላቃናው ስል እናቷ ከለከለችኝ፣ 'ይቆይ፣ ትየው' ብላ።
አሁን ዱከም ሎደር ትነዳለች፤
በመጣች ቁጥር ሰላም የምትለው መጀመሪያ እሱን ነው።
ገዢውስ ቢሆን፣ መጥቶ በእጁ ሲዳብስ፣
ያን ጊዜ የሚያፍረው ማን ነው? ፎቶው?»

ወደ ኋላ መለስኩት፣ አንድ በአንድ፦
ስርጉዱ መጣ፣ ስንጥቁ መጣ፣
ዝገቱ እንደ ማድያት ቦታ ቦታውን ያዘ።
ምሰሶውን ግን አልመለስኩትም፤
እሱ የሷ አልነበረም።

ማታውን ስርጉዱን ለብቻው አነሳሁት፣
ብርሃኑ ከጎን እንዲገባበት፣
ጥልቀቱ እንዳይዋሽ።
ከሥሩም ጻፍኩ፦
«ላዳ። ኋላ በሯ ላይ አንድ ስርጉድ። ሞተሯ አይነሳም።»
ከፋለ አነበበና ራሱን ያዘ፤
«ይኼ ማስታወቂያ ነው ወይስ ኑዛዜ?»

እስከ ዛሬ አንድ ሰው ብቻ ደወለ፣
እሱም ስለ ውሻው ጠይቆ ዘጋ።
እኔ ግን ፀሐይ ወደ ፉሪ ስታዘነብል
ጠጠሩ ላይ ጉልበቴን አሳርፋለሁ፤
አሥራ ሁለት መኪና፣ አሥር ደቂቃ።